ፍንጭቴና 82 ዲግሪ

አያቴ ጥርሰ ፍንጭት ነበረች፤ እናቴም እንደዚያው። ለእኔም ከላይ ባሉት በሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሀል ያለው ክፍተት ከእነሱ ወርዶልኛል። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ሴቶች ቡና ላይ አገጬን ይዘው «እስቲ ሳቂልን» ይሉኝ ነበር። ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ታዲያ በፍንጭቴ አፍሬ አይደለም። ያስቸገሩኝ የታችኞቹ ናቸው፤ እርስ በርስ ተደራርበው፣ አንዱማ ጭራሽ ወደ ምላሴ ዞሮ ብሩሽ አልደርስበት ስላለ፣ ድዴ ጠዋት ጠዋት ይደማ ነበር። 29 ዓመት ሲሞላኝ ገንዘብ አጠራቅሜ ሽቦ ላሳስር ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን አሁንም ፊቴ ድቅን ይላል። ጉትቻዬን አውልቄ አንድ ማሽን ሥር ቆምኩ። ከግራና ከቀኝ ሁለት የፕላስቲክ ዘንጎች መጥተው ጆሮዎቼ ውስጥ ገቡ፤ ሦስተኛው በቅንድቦቼ መሀል፣ አፍንጫዬ ከግንባሬ በሚነሣበት ላይ አረፈ። «ጥርስሽን ግጠሚ፣ እንዳትነቃነቂ» አለኝ ባለሙያው ከበሩ ኋላ። ጆሮዬ ተደፍኖ የልቤን ምት ብቻ እየሰማሁ ቆየሁ።

የራስ ቅልን ከጎን የሚያነሣው ይህ ራጅ ብዙ ዘመን አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1931 ብሮድቤንት የተባለ ሐኪም በአሜሪካ፣ ሆፍራት የተባለ ደግሞ በጀርመን ለየብቻቸው ነው ይፋ ያደረጉት። ጭንቅላት ሁልጊዜ በአንድ አኳኋንና በአንድ ርቀት ካልተያዘ የዘንድሮውን ምስል ከከርሞው ጋር ማስተያየት አይቻልም፤ ዘንጎቹ ለዚህ ነው የሚያስፈልጉት። ሐኪሙ ከዚያ ምስሉ ላይ ነጥቦች ያኖራል። አንዱ ራስ ቅሉ መሀል ኮርቻ በምትመስል ትንሽ አጥንት ላይ፣ አንዱ ግንባርና አፍንጫ በሚገጥሙበት፣ ሁለቱ ደግሞ በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት። ነጥቦቹ በመስመር ሲገናኙ መንጋጋዎቹ ከራስ ቅሉ አንጻር ምን ያህል ወጣ ወይም ገባ እንዳሉ በዲግሪ ይነበባል።

የእኔ ላይኛው 87፣ ታችኛው 83 ሆነ። «መሆን የነበረበት 82 እና 80 ነው» አለኝ ሐኪሙ ስክሪኑን በእስክሪብቶ እየነካ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼም በ22 ዲግሪ ማዘንበል ሲገባቸው 31 ደርሰዋል አለኝ። ስለዚህ ከክራንቻዎቼ ቀጥለው ያሉ አራት ጥርሶች፣ አንድም የተቦረቦረ የሌለባቸው፣ ተነቅለው የፊቶቹ ወደ ኋላ ይሳባሉ። ለመንቀያው ቀጠሮ ይዤ ወጣሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሁለት መስታወት ከጎን ፊቴን አየሁ። ከንፈሬ የእናቴ ከንፈር ነው። ተረፈ የተባለው አምስት ዲግሪ የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት።

ቀጠሮዬን ሰርዤ ሌላ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ራጄን ብርሃን ላይ ይዛ «እነዚህ ቁጥሮች ከማን ፊት እንደተወሰዱ ነገሩሽ?» አለችኝ። አልነገሩኝም ነበር። 82 እና 80ን እ.ኤ.አ. በ1953 ለሙያው ያቀረበው በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው ሲሲል ስታይነር ነው፤ የተለካውም የነጭ አሜሪካውያን ፊት ነው። በኋላ ጥቁር አሜሪካውያንን የለኩ ተመራማሪዎች፣ ጥርሳቸው አሳምሮ በገጠመ ሰዎች ላይ እንኳ ጥርሱም ከንፈሩም ከዚያ ቁጥር ወደ ፊት ወጣ ብሎ አገኙት። እኔ በልኬቱ ላይ ጠብ የለኝም። ችግሩ ከጥርስ ይሁን ከአጥንት፣ ሐኪም የሚለየው በዚሁ ነው፤ መንቀል ግድ የሚሆንበት ሰውም አለ። የከነከነኝ የማን ፊት መለኪያ እንደሆነ ሳይነገረኝ አራት ጤነኛ ጥርስ ልሰጥ መሆኔ ነው።

ሽቦው ያለ መንቀል ታሰረልኝ። የታችኞቹ ጎናቸው በስሱ ተሞርዶ ቦታ ተገኘላቸው። ጥርስ ሲገፋ ሥሩ በሚጫነው በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በተለቀቀው በኩል አዲስ ይሞላል፤ ጉዞው ቢፈጥን በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ሦስት ቀን አጥሚት ብቻ እጠጣ ነበር።

በዓመቱ ላይኞቹ ላይ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ላስቲክ ተደረገልኝ። «ፍንጭትሽ ይዘጋ ወይ?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም «እሱን እንዳትነኪብኝ» አላልኩም። የሚነካ አልመሰለኝም ነበር። ለፋሲካ እናቴ ዘንድ ስሄድ ግን እንደ ልጅነቴ አገጬን ያዘች። «እስቲ ሳቂልኝ።» ሳቅሁ። እጇን ቀስ ብላ አወረደች። «ፍንጭትሽን ማን ወሰደብሽ?» አለችኝና ወደ ማድቤት ገባች።

ሽቦው የተፈታልኝ በሁለት ዓመት ገደማ ነው። ለታች ከኋላ ቀጭን ሽቦ ተለጠፈልኝ፤ ለላይ ጥርሶቹ ወደ ነበሩበት እንዳይመለሱ የሚይዝ፣ የሚወልቅ ሪቴይነር ተሰጠኝ። አንድ ቀን ምሳ ስበላ በሶፍት ጠቅልዬ ትሪው ጠርዝ ላይ አኖርኩት። ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ሮጬ ተመለስኩ። አስተናጋጇ አዘነችልኝ፤ የቆሻሻውን በርሜል ጓሮ አውጥታ ዘረገፈችው፣ ሁለታችንም ፌስታል በእጃችን አጥልቀን ሶፍቱን አንድ በአንድ መፍታት ያዝን። ሽሮ የነካው፣ የከንፈር ቀለም ያለበት፣ የሎሚ ልጣጭ የተጠቀለለበት። የእኔ የለም።

በማግስቱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጣሁ፤ ሁለት ወር ቆየሁ። ድድን ከጥርስ የሚያያይዙት ክሮች ከአዲሱ ቦታ ጋር እስኪላመዱ ዓመት ሊፈጅባቸው ይችላል፤ እስከዚያ ጥርሱን ወደ ነበረበት ይጎትቱታል። አንድ ጠዋት ምላሴ የሚያውቀውን ቦታ አገኘ። መጀመሪያ ክር ታህል ነበር፤ ቆይታ ሰፋች። የታችኞቹ እንደተሰለፉ ናቸው፣ ድዴም አይደማም።

ስመለስ ዶክተሯ አፌን ከፍታ ዝም ብላ አየች። «እንደገና እንዝጋው?» አለችኝ። ይኸው ጠየቀችኝ።

«ተይው። ሪቴይነሩን ከነክፍተቱ ሥሪልኝ።»

ትንሿን ማስመሪያ ከመሳቢያ አወጣች፣ በሁለቱ ጥርሶቼ መሀል አስጠግታ ለካች፤ ካርዴ ላይም ጻፈች፦ 1.5 ሚሊሜትር፣ ይቆይ።