ሰው ሲያስወጣ እኔ ሳስገባ

መኪና ዳገት ላይ ደከመኝ ካለ፣ ነዳጅ ካበዛ፣ ጠዋት አልነሳም ብሎ ካስቸገረ፣ የሰፈራችን መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት የሚያዘው መድኃኒት አለው፦ «ካታሊስቱን አውጣው!» ለሳልም፣ ለወገብም፣ ለዓይንም ያው ነው።

የእኔን ኮሮላ ከእኔ በፊት የያዙት ሰውም ምክሩን ሰምተዋል። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1998 ስሪት ስትሆን የመጣችው ከአውሮፓ ነው። አውሮፓ ደግሞ ከ1993 ወዲህ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሌለው አዲስ የቤንዚን መኪና አይሸጥም፤ ስለዚህ አገራችን ስትገባ ሙሉ አካሏን ይዛ ነበር ማለት ነው። አሁን ክሪክ ላይ ወጥታ ከሥር ሲያዩዋት ቆርቆሮው በቦታው አለ። በመፍቻ ሲያንኳኩት ግን ባዶ ቤት ነው። በሆዱ በኩል ተቀዶ፣ ተጠርጎ፣ ተመልሶ ተበይዷል። ውስጡ የነበረው የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሸክላው ላይ የተቀባው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስለሆነ፣ ጥቂት ግራም ብትሆንም ወርቅ ቤት ከሚሸጠው ዕቃ ጋር የምትወዳደር ናት። «አውጣው» የሚሉን ሰዎች ለመኪናችን ጤና ብቻ ይጨነቃሉ ብዬ አምናለሁ። ለማመን ግን ትንሽ እቸገራለሁ።

ባዶ ካታሊስት ላይ የበሰበሰ ማርሚታ ሲጨመርበት ድምፁ የሕዝብ ሀብት ይሆናል። እኔ ገና ከዋናው መንገድ ስታጠፍ ባለቤቴ ወጡን ትጥዳለች፤ ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ይጠብቀኛል፤ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ደብተር ይዘረጋሉ። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት በእኔ መምጫ ነው። በዚህ ሁኔታ ዕድሜ ልኬን በኖርኩ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አንድ ቀን መብራት ላይ ቆመን ሳለ ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ አፍንጫዋን ይዛ፣ «አባዬ መስኮቱን ዝጋው፣ የሰውዬው ጭስ እየገባብን ነው» አለች። ሰውዬው እኔ ነኝ። ከጎናችን የነበረው ላዳ ታክሲ እንኳ መስኮቱን ዘግቶብናል።

ጋራዥ ሄድኩ።

«ካታሊስት ማስገባት እፈልጋለሁ።»

«ማስወጣት ነው?»

«ማስገባት።»

መካኒኩ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ «ኑ እስቲ ስሙ!» ብሎ ተጣራ። ረዳቶቹ፣ በያጁ፣ ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ሳትቀር መጥተው ከበቡኝ። «ወንድሜ፣» አለኝ ረጋ ብሎ፣ በሽተኛ እንደሚያነጋግር፣ «እኔ እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ስንቱን አውጥቻለሁ። አስገባልኝ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። ኤምባሲ ነው እንዴ የምትሠራው?» አይደለም አልኩት። «እንግዲያው ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ።»

ምክሩ ሳይሆን ሒሳቡ ነው የከበደኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ከጫነ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ እኔና ኮሮላዬ የቁርባን ተጋቢዎች ሆነናል። አንዳችን ሌላችንን እስክንቀብር አንለያይም።

ካታሊስትን ለመኪና የፈለሰፈው ኡጂን ሁድሪ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው አሜሪካ ተሻግሮ መጀመሪያ የታወቀው ከድፍድፍ ዘይት ጥሩ ቤንዚን በማውጣት ነበር። ሕዝቡ ቤንዚኑን እያነደደ ሎስ አንጀለስን በጭስ ሲሸፍናት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ተመልሶ ጭሱን የሚያጥበውን ዕቃ ሠራ። ወጡንም ሠርቶ ሳህኑንም ያጠበ ሰው ስንት አለ? ያም ሆኖ ሥራው ዓመታት ተቀምጧል፤ በቤንዚኑ ውስጥ የነበረው እርሳስ ካታሊስቱን ይመርዘው ስለነበር የአሜሪካ መኪኖች በብዛት የለበሱት ከ1975ቱ ሞዴል ጀምሮ ነው። እኛ ዘንድም ሆነ በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል እርሳሱ ከቤንዚን የወጣው እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ነው። እርሳሱ ከወጣ አይቀር ካታሊስቱም ይውጣ ያልነው መሰለኝ።

ለዕቃው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አዲስ ኦርጅናል ሲጠራልኝ ኮሮላዋን ጨምሬ እንድሰጥ የተጠየቅኩ መሰለኝ። ሰልባጁን አንስቼ በስልኬ መብራት ውስጡን ሳይ ወዲያ ማዶ የቆመው ሻጭ ታየኝ፤ ባዶ ነው። የቀረው ምትክ ሆኖ የተሠራው፣ ለማንኛውም መኪና ተቆርጦ የሚበየደው ዓይነት ነው።

«ፋዘር፣ ይሄ ኦርጅናል ነው።»

«የማን ኦርጅናል?»

«የቻይና ኦርጅናል።»

መለስ ብዬ ሳስበው ልጁ አልዋሸም። የዚህ ዓይነቱ ርካሽ የሚሆነው ያቺን ውድ ማዕድን ስለሚቆጥቡበት ነው፤ ስለዚህ ይሠራል፣ ግን ዕድሜው ያጥራል። ካየኋቸው ሁለቱ መካከል አንዱን በእጄ መዘን ሳደርገው፣ «ክብደቱ ምን ያደርግልሃል፣ ልትበላው ነው?» አለኝ። ጎኑ ላይ የጭሱን መሄጃ የምታሳይ ቀስት አለች። ስለ እሷም ጠየቅኩት። «ለጌጥ ናት» አለ። ማርሚታም አስመረጠኝ፤ አንዱ አፉ የሰፋ፣ የሚያብለጨልጭ ነበር። «ይቺን ከገጠምክ ላምቦርጊኒ ትሆናለች!» ድምፅ ልቀንስ የመጣሁ ሰው ነኝ ብዬ ዝም የሚለውን ወሰድኩ። ልጁ አዘነልኝ።

ጋራዡ ውስጥ የመጀመሪያውን ቁም ነገር የተናገረው ያው የሳቀብኝ መካኒክ ነው። «ዘይት ትጠጣለች?» አለ። ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች አልኩት። «እንግዲያው መጀመሪያ እሷን እናስተዋት፤ ዘይት የምታቃጥል መኪና አዲሱን ካታሊስት በአመዱ ትደፍነዋለች።» የቫልቭ ጎማዎቹ ተቀየሩ። ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ያወጣ የነበረው ባለማወቅ አይደለም።

ብሎኖቹ ግን እምቢ አሉ። ዝገቱ ከብረቱ ጋር ቃል ኪዳን አለው። በእሳት ተግለው፣ ዘይት ጠጥተው፣ ተለምነው፣ አንዱ ራሱን አስቆርጦ ቀረ። ባትሪው ተፈታ፣ ቱቦው ተቆረጠ፣ ከዚያ በያጁ ካታሊስቱን ተሸክሞ ወደ ኋላ ወንበር ሥር አመራ።

«ወዴት ነው?»

«እዚህ ጋ ይመቸኛል።»

ካታሊስት 300 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ ሥራ አይጀምርም፤ ስለዚህ ከሞተሩ መራቅ የለበትም አልኩ። «አንተ ነህ እኔ ነኝ በያጁ?» አለኝ። መካኒኩ ገላገለን። ወዲያው ሁለተኛ ጠብ ተነሳ፤ ቀስቷ ወደ ሞተሩ ዞራለች። ሦስተኛው በጓርኒሲዮኑ ነበር፤ አሮጌውን በሲሊኮን ለጥፈው ሊመልሱት ሲሉ አዲስ አወጣሁ። እዚያ ጋ አየር ከገባ የኦክስጅን ሴንሰሩ ለኮምፒዩተሩ «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ይዋሻል፤ ኮምፒዩተሩ አምኖ ይጨምራል፤ የውሸቱን ዋጋ ማደያ ላይ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ሞተሩ ሲነሳ ሁላችንም ጆሯችንን ቀሰርን። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ፣ «አልተነሳም እንዴ?» አለች።

ቤቴ ስደርስ የከፈተልኝ የለም። ጥሩንባ ነፋሁ፤ ዘበኛው የእንግዳ መኪና መስሎት በሽንቁሩ አጮልቆ፣ «ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። ልጆቹን ፊልም ላይ ያዝኳቸው። ወጥ አልተጣደም። ባለቤቴ ብቅ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሌባ ሆንክ እንዴ?» አለች። እትዬም መድኃኒታቸው እንዳመለጣቸው ሰምቻለሁ። ዘበኛው ይባስ ብሎ የማርሚታውን አፍ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ውሃ ታንጠባጥባለች፤ አበላሽተውብዎታል» አለኝ። ቤንዚን ሲነድ ውሃም ይወጣዋል፤ ካታሊስቱም የራሱን ይጨምርበታል ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። በአዘኔታ አየኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈራችን የሚመላለሰው ቁራሌው ልማዱን ቀየረ። ድሮ ጫማና ጠርሙስ ብሎ የሚያልፈው ሰውዬ አሁን በራችን ላይ ቆሞ፣ «ካታሊስት የምትሸጡ!» ይላል። ማን እንደነገረው አጣርቻለሁ፤ ዘበኛው በኩራት፣ «የእኛ ጋሼ አዲስ አስገብተዋል» ብሎታል።

መካኒኩ ጋ ተመለስኩ። ከሥር ገብቶ በሜትር ለካና በፌሮ አጥር ይታጠርለት አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ።

«ከካታሊስቱ እኮ ሊበልጥ ነው!»

«ቁልፉን ሳይጨምር» አለ።