ፋየርዎሉ ያላያቸው ሯጮች

ጅቡቲ ከተማ የወታደር ጎረቤት አያጣትም። አሜሪካኖቹ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ካምፕ ሌሞኒየር ሰፍረዋል። ጃፓኖቹ በ2011 (እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) እዚያው አጠገብ መጡ። ፈረንሳይ ነባር ናት፤ ጣሊያንም አለች፤ ቻይና በ2017 ዶራሌ ላይ ገባች። እንዲህ ተጠጋግቶ የሚኖር ሁሉ ይጠራጠራል፤ የተጠራጠረም ያጥራል። ግንቡና እሾሃማው ሽቦ ካለቀ በኋላ ተራው የኮምፒውተሩ ነው። ፋየርዎል ማለት ክፉ ዘበኛ ነው፦ «ከየት መጣህ? በየትኛው በር? ማን ፈቀደልህ?» ይላል፤ ያልተፈቀደለትን አያስገባም፣ ወጪውንም ይፈትሻል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበቃ ባለበት፣ ወታደሩ ፀሐይ ሳትከር ተነስቶ ይሮጣል። የእጅ ሰዓቱ የረገጠውን ሁሉ ከሳተላይት እየለቀመ ይመዘግባል። ሰዓቱ ለስልኩ፣ ስልኩ በሞባይል ዳታ ስትራቫ ለሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ይነግራል። ፋየርዎሉ ምንም አላየም፤ በእሱ በኩል መች አለፈና!

ስትራቫ በ2017 ማብቂያ ላይ 1 ቢሊዮን ያህል የስፖርት እንቅስቃሴ አጠራቅሞ፣ የዓለምን ሯጮች ዱካ በብርሃን የሚያሳይ ካርታ አወጣ። ለንደን ላይ ሁሉም ስለሚሮጥ ማን ከማን ይለያል? የጅቡቲ ሰው ግን በዚያ ሙቀት ሊሮጥ ቀርቶ፣ ከቀትር ወዲያ የኢትዮጵያ ጫት እስኪደርስ ጥላ ጥላውን ነው። ሩጫውን የሚመዘግበው የውጭ ወታደር ብቻ ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በጨለማው ካርታ ላይ የጦር ሰፈሩ ቦግ ብሎ ታየ። ጉዱን በጥር 2018 ያወጣውም የስለላ ድርጅት ሳይሆን ናታን ሩዘር የተባለ የ20 ዓመት አውስትራሊያዊ ተማሪ ነው።

በእርግጥ ካምፑ የት እንዳለ የጅቡቲ ባለታክሲ ሁሉ ያውቃል። ካርታው የጨመረው ወታደሮቹ ውስጥ ለውስጥ በየት በየት እንደሚመላለሱ ነው።

የሚያስቀው፣ ፔንታጎን ራሱ በ2013 ውፍረት ይቀንሱ ብሎ ፊትቢት የተባሉ 2,500 እርምጃ ቆጣሪዎች ለወታደሮች በሙከራ አድሎ ነበር። በነሐሴ 2018 ደግሞ ግዳጅ ላይ ያለ ሁሉ በመሣሪያው ላይ ያለበትን ቦታ የሚናገረውን ክፍል ያጥፋ ብሎ አዘዘ። በወታደሮቹ አይፈረድም፤ እኛም አገር «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ከጀርባው አድርጎ ሰልፊ የሚነሳ ሞልቷል።

ትእዛዙ ግን ሩቅ አልተሰማም። በ2024 የፈረንሳዩ ለሞንድ ጋዜጣ ፕሬዚዳንት ማክሮን የት እንደሚያርፉ ሲከታተል ኮምፒውተር መስበር አላስፈለገውም፤ የአጃቢዎቻቸውን ሩጫ ስትራቫ ላይ አየ።