ቮልስን ማልበስ

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የያዘ ሰው ሁለት ጥያቄ መመለስ ይለምዳል፤ «ይሸጣል?» እና «ሞተሩ ኦሪጅናል ነው?»። ስለ በሯ የውስጥ ልብስ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ሌላ የማወራው ጠፍቶኛል።

ሞተር ይዋሻል። ቀለምም ይዋሻል፤ ከሥሩ ስንት ስቱኮ እንደተለሰነ ቀጥቃጩና ፈጣሪ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። የበር ልብስ ግን መዋሸት አይሆንለትም። ያለፉት ባለቤቶች የቆረጡት፣ የበየዱት፣ «ይሁን እንግዲህ» ብለው የተዉት ሁሉ መጨረሻው እሱ ላይ ነው። የእኔዋ ወንበሯ የኮሮላ፣ የመስታወት ሞተሯ የቪትዝ፣ ስፒከሯ የሶማሌ ተራ ነው። ግራና ቀኝ በሮቿም የአንድ ዓመት ሥሪት አይደሉም። ከጀርመን የቀራት የአያት ስም ብቻ ነው።

ፋብሪካው የሚያለብሳት ልብስ እኮ ቀላል ነበር። ስስ ጠንካራ ካርቶን፣ በላዩ ፕላስቲክ ቆዳ፣ ከጀርባው ዙሪያውን የሽቦ ክሊፕስ። ክሊፕሱን ከበሩ ቀዳዳዎች ጋር ማስተካከል፣ በመዳፍ መታ መታ ማድረግ፣ አለቀ። ይቺ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ለእያንዳንዷ በር የእኔን ያህል ቢከራከሩ ኖሮ ዛሬም መጀመሪያው ሺህ ላይ ነበሩ።

ልብስ ሰፊው ጋሼ የግራውን በር ልክ በፓስታ ካርቶን ወሰዱ። ካርቶኑን ገልብጠው ቀኙ ላይ ቢለኩት አንድም ቀዳዳ አልገጠመም። ካርቶኑን አዩት፣ በሩን አዩት፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ።

«ይቺ መኪና መንታ አይደለችም፤ የእንጀራ ልጅ ናት» አሉ።

ከዚያ የቪትዙ ሞተር መጣ። ቮልስ መስታወቷ በእጅ እየተዘወረ እንዲወርድ የተሠራች ስለሆነች በበሯ ሆድ ውስጥ ለእሱ የተተወ ቦታ የለም። ሞተሩ እንደ ብርቱ ጎረምሳ ክርን ወደ ውጭ ይገፋል። ካርቶን ሲሆን ያብጣል፤ ኮምፐርሳቶ ሲሆን ጭራሽ አይታጠፍም። መፍትሔያቸው ዙሪያውን ሁሉ በስፖንጅ ማወፈር ሆነ፤ «አብሮ ሲያብጥ እብጠት አይባልም» አሉ። ይህን አባባል ሌላም ቦታ ሲሠራበት ሳላይ አልቀረሁም።

«ላስቲኩስ ጋሼ?»

«የምን ላስቲክ?»

«ውሃ እንዳያስገባ።»

«ልጄ፣ ወንዝ ልትሻገርባት ነው?»

ወንዝ እንኳ የለም፤ ሐምሌ ግን አለ። ዝናብ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ መግባቱ አይቀርም፤ ወርዶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። በብረቱና በልብሱ መካከል ላስቲክ ካልተዘረጋ ካርቶኑ ውሃውን ይጠጣና ይጣመማል፣ ክሊፕሱም ይዝጋል። ይህን በአክብሮት አስረዳኋቸው። ላስቲኩን ለእኔ ደስታ ሲሉ አደረጉት፤ ሒሳቡ ላይም ለብቻው ጻፉት።

የኋላ ጎኖቹን ልብሶች ልተዋቸው። መጀመሪያ እነሱ፣ ቀጥሎ የኋላ ወንበሩ መገጠም ሲገባው፣ አንድ ጋራዥ ወንበሩን አስቀድሞ፣ ያውም በብየዳ ገጥሞት ተገኘ።

አሁን በሩ ልብሱን ለብሶ ቆሟል፤ ሲያዩት ያምራል። ችግሩ መዝጋቱ ነው። የወፈረው ልብስ ከኮሮላው ወንበር ጋር ይጋፋል። ይህን በትከሻ ገፋ አድርጌ ባልፈው ሌላ አለ፤ ቮልስ የበሯ ዙሪያ ጎማ አዲስ ሲሆን አየር ስለማታሳልፍ መስታወቷ ትንሽ ካልወረደ በሯ በጄ አይልም። ድሮ ማዘወሪያውን አንዴ መጠምዘዝ ይበቃ ነበር። ዛሬ የቪትዝ ሞተር አለንና በር ለመዝጋት ቁልፍ ማስነሻው ውስጥ ይገባል፣ መስታወት ይወርዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ መስታወት ይወጣል፣ ቁልፍ ይወጣል። ለሰፈሩ ሰዎች መኪና የምነዳ ሳይሆን አውሮፕላን የማሳርፍ ነው የሚመስላቸው።

ደግሞ በሩ ይንቀጫቀጫል። ተመልሼ ሄጄ ነገርኳቸው።

«እሱ የኮብልስቶኑ ነው» አሉኝ።

«አስፋልት ላይ ነው የሰማሁት፣ ጋሼ።»

«ያስለመዳት ኮብልስቶኑ ነዋ!»