ሃያ ቮልት ፍለጋ

የላፕቶፔ ቻርጀር ገመዱ አንገቱ ላይ ተላልጦ መዳቡ መታየት በጀመረ ሰሞን የእህቴ ልጅ ሠርግ ሐዋሳ ላይ ደረሰ። በዚያው ሰሞን ለማተሚያ ቤት የማስረክበው የአርትዖት ሥራም ነበረብኝ። ሠርጉም አይቀር፣ ሥራውም አይቀር። ስልኬንም ላፕቶፔንም የሚሞላ፣ ኪስ የሚገባ ታይፕ ሲ ቻርጀር ልገዛ መገናኛ ወረድኩ።

ሻጩ ትሑት ልጅ ነበር። "ጋሼ፣ የላፕቶፕዎ ስንት ዋት ነው?" አለኝ። ከአሮጌው ቻርጀር ጀርባ ያነበብኩትን ነገርኩት፦ 65። ወዲያው አንድ ነጭ የስልክ ቻርጀር አወጣ። "ይኸውልዎት፣ 65 ዋት፣ ኦርጅናል" ብሎ ስልኬን ሰካበት። ስልኬ ሲሞላ ዐየሁ፤ ከፍዬ ወጣሁ።

ሐዋሳ ስደርስ የሠርጉ ቤት ሞልቷል። ጓሮ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ሳሎን ውስጥ ያለው ዲቫይደር ላይ የዘመድ አዝማድ ስልክ ተሰክቷል። አንድ ሶኬት ለምኜ ላፕቶፔን ሰካሁት። አልሞላ አለ። ነቅዬ መለስኩት፤ አሁንም እንቢ። የእጅ ጽሑፉ ገና አጋማሹ ላይ ነው፣ ባትሪው ግን ማለቁ ነው። መብራትም በዚያው ጠፋና በሻማ ተቀመጥን።

ያዳነኝ ከሙሽራው ሚዜዎች አንዱ፣ ስልክ በመጠገን የሚተዳደር ልጅ ነው። ቻርጀሩን ተቀብሎ በስልኩ ባትሪ አበራበትና በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አነበበልኝ። "ጋሼ፣ 65 ዋቱስ እውነት ነው። ግን ይመልከቱ፣ 10 ቮልት በ6.5 አምፔር ይላል። ይሄ ለራሱ ስልክ የተሠራ ነው። የእርስዎ ላፕቶፕ የሚፈልገው 20 ቮልት ነው።"

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ዋት የሚገኘው ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። 10 በ6.5 ሲባዛ 65 ይሆናል፤ 20 በ3.25 ሲባዛም ያው 65 ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዜቱ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። ለላፕቶፕ የሚሆነው ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለውን ስምምነት የሚከተል ቻርጀር ነው። እንዲህ ያለው ቻርጀር ሲሰካ በ5 ቮልት ይጀምራል፤ ከዚያ መሣሪያው የሚችለውን ጠይቆ ወደ 9፣ ወደ 15 ወይም ወደ 20 ቮልት ያስነሣዋል። የሚጠይቀው መሣሪያው ነውና "ትልቅ ዋት ስልኬን ያቃጥለዋል" የሚለው ስጋት በደንብ ለተሠራ ቻርጀር አይሠራም። ችግር የሚመጣው ከማነስ ነው፤ መሣሪያው ቀስ ብሎ ይሞላል ወይም ጭራሽ አይሞላም።

በማግስቱ ሙሽራው ፀጉሩን ሲስተካከል ሚዜው እኔን ይዞ እዚያው ሐዋሳ ፒያሳ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። በመጨረሻ ባለሁለት ቀዳዳ፣ መዳፍ ውስጥ የሚያዝ አንድ ቻርጀር አገኘን። ጀርባው ላይ 20 ቮልት፣ 3.25 አምፔር የሚል መስመር አለው። እንዲህ ያነሰው በውስጡ ጋሊየም ናይትራይድ ስላለ ነው። ይህ ቁስ ከተለመደው ሲሊከን ይበልጥ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ፣ በሙቀት የሚባክነው ኃይልም ያንሳል፣ የውስጡ ትራንስፎርመርም ትንሽ ይሆናል። ሚዜው ገመዱንም መረመረ። ተራ የታይፕ ሲ ገመድ የሚሸከመው እስከ 3 አምፔር ነው፤ በ20 ቮልት 60 ዋት ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳልፈው ውስጡ ቺፕ ያለው፣ 5 አምፔር የሚል ገመድ ነው። በሁለቱም ቀዳዳ ሲሰካበት ኃይሉ እንደሚከፈል፣ ብዙ ጊዜም ለአንዱ 45 ለሌላው 20 ዋት እንደሚደርስ አስጠነቀቀኝ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ዋት በእኛ ቤት ጊዜ ስለሆነ ነው። መብራት ለአንድ ሰዓት ብቻ ቢመጣ፣ 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ65 ዋት አብዛኛው ይሞላል። በ15 ዋት ግን ሩቡን ያህል ነው የሚያገኘው። መመረቂያ ጽሑፉን ለሚያስረክብ ተማሪ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። እኔም ሥራዬን ያስረከብኩት እንዲህ ለአንድ ሰዓት ብቻ በመጣ መብራት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ጀምሮ በገበያው ለሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች፣ ከሚያዝያ 20 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ ለላፕቶፖች ይህንኑ ታይፕ ሲ ግዴታ አድርጓል። ከዚያ ዘመድ የሚያመጣልን ላፕቶፕም እየበዛ በዚሁ ቀዳዳ መሙላቱ አይቀርም። ቀዳዳው አንድ ሆነ ማለት ግን ቻርጀሩ ሁሉ አንድ ሆነ ማለት አይደለም።

ነጋዴዎች ሆይ፣ "ስንት ዋት?" ካላችሁ በኋላ "ለስልክ ነው ለላፕቶፕ?" ብላችሁ ጨምሩ፤ ገዢውም ከፍሎ ሳይሄድ ላፕቶፑን ሰክቶ እንዲያይ ፍቀዱለት። አንባቢዬም ላፕቶፕህን ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ የአሮጌውን ቻርጀር ጀርባ አንብብ፣ ቀጥሎ የአዲሱን። 20 ቮልት የሚል መስመር ካላየህ አትክፈል።