ጥቅል ጎመን፦ ዘሩ፣ ማዕረጉና ድስት የመያዙ ነገር

በያይነቱ ያዘዘ ሰው ትሪው ፊቱ ሲቀመጥ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሽሮው ላይ ነው። ቀጥሎ ምስር ወጡን ይቃኛል፤ ስልጆ ካለ ስልጆውን ይፈልጋል፤ ቀይ ሥሩን ባይፈልገውም ያየዋል፣ ቀይ ሥር ሳይታይ መቀመጥ አያውቅበትምና። ጥቅል ጎመኑን የሚያየው የለም። የቀረ ዕለት ግን «ዛሬ ጎመን የለም እንዴ?» የማይል አይገኝም። «ሽሮ ጨምሪልኝ» ሲባል የሰማሁት ተቆጥሮ አያልቅም፤ «ጥቅል ጎመን ጨምሪልኝ» ሲባል የሰማሁት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ ተናጋሪው እኔ ነበርሁ። ሲኖር የማይታይ፣ ሲጠፋ የሚያስጠይቅ ነገር በወግ ሊጠና ይገባዋል። የሚያጠናው ስላልተገኘ ይኸው እኛ ተነሥተናል። (ጥናት በ«እኔ» አይጻፍም።)

ከስሙ እንነሣ። «ጎመን» ተብሎ ብቻ ከተጠራ ሐበሻ ጎመን ነው፤ የቤት ልጅ ስለሆነ ቅጽል አያሻውም። ተረቱም የእሱ ነው። «ጎመን በጤና» ያለ ሰው በልቡ ጥቅል ጎመን አልያዘም። ክረምት ሲወጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ተብሎ የሚባረረውም ያው የቤት ልጁ ነው፤ ጥቅል ጎመን ለመባረር እንኳ አልታጨም። «ጥቅል» የምትለዋን ቅጽል ሳይለብስ ከቤት አይወጣም፤ እሷንም ዘመኑ ወስዶበታል። ዛሬ አንድ ወጣት «ጥቅል ገዛሁ» ቢል የስልክ ኢንተርኔት ገዛሁ ማለቱ ነው። ልዩነቱ ያኛው ጥቅል ጊዜው ሲደርስ ማለቁ ነው። የእኛው በማግስቱም አለ፤ በሦስተኛውም ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ክዳኑ በጠፋ ዕቃ፣ ሰሃን ተከድኖበት አለ።

ዘር መቁጠር ደግ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም የጎመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ኡ የሚባል፣ ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረ የዕፅዋት ሊቅ የጎመን ወገኖችን ዝምድና በሦስት ማዕዘን ሥሎ አሳተመ። በዚያ ሥዕል መሠረት ባለ 34 ክሮሞሶሙ ሐበሻ ጎመን የሁለት ወገኖች ልጅ ነው፤ 16ቱን ከጥቁር ሰናፍጭ፣ 18ቱን ጥቅል ጎመን ካለበት ወገን ወርሷል። በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ሰናፍጯ እናት መሆኗን አረጋግጠዋል። እንግዲህ ጥቅል ጎመን የአባት ወገን ነው፤ አጎት ብንለው አንሳሳትም። አበባ ጎመንና ብሮኮሊም የአንድ ዝርያ ልጆች፣ ወንድሞቹ ናቸው፤ እነሱ ሆቴል ገብተዋል። እሱ ከወንድሙ ልጅ ቤት እንደ እንግዳ ተጠግቶ ቀረ። ምጣድ የሚታሰሰው በጎመን ዘር መሆኑን ስናስብ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፦ አጎትየው፣ የወንድሙ ልጅ ፍሬ ባሰሰው ምጣድ የተጋገረ እንጀራ ላይ፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በያይነቱ ሳይ ትንሽ ይከብደኛል።

የጥቅል ጎመን አገዛዝ (የመግዛቱን ነገር ማለታችን ነው) የራሱ ሥርዓት አለው። ጉሊት ላይ ገዥዋ አንዱን አንሥታ በእጇ ትመዝነዋለች፤ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ታስቀምጠዋለች፤ አራት ሌሎች ታነሣለች፤ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ትይዛለች። ከዚያ ሚዛን ላይ ሳይወጣ የላይ የላዩን ቅጠል መግፈፍ ትጀምራለች። «እናቴ፣ ልብሱን እንኳ ይተዉለት እንጂ» ትላለች ሻጯ። ጥቅል ጎመን በታሪኩ ከፍ ያለ ቦታ የረገጠው በ2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ የአዲስ አበባው አትክልት ተራ በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር። ታቦታት በሚያድሩበት ሜዳ ለወራት ጎመን አደረ። የቀጣዩ ዓመት ጥምቀት ሳይደርስ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተሸኘ። ያን ጊዜም ቢሆን ሰው ያወራው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ምደባው እንግባ። ጥቅል ጎመን በአራት ይከፈላል፦ ጥሬው፣ ቀዩ፣ የፍስኩና አልጫው። ጥሬው፣ ማለትም ሰላጣው፣ ምግብ ሳይሆን የመንጋጋ ሥራ ነው። ቀዩ፣ በርበሬ የገባበት፣ ምስር ወጥ ለመምሰል የሚደረግ ሙከራ ስለሆነ በትሕትና እናልፈዋለን። የፍስኩን የሚያጠናው የለም፤ ድስት ውስጥ ሥጋ ካለ ስለ ጎመኑ የሚጠይቅ ሰው አልተፈጠረም። የቀረው አልጫው ነው፤ ረቡዕና ዓርብ የሚበላው፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ከእኛ ጋር የሚዘልቀው።

አልጫው በድንች ይመደባል። ሀ፦ ጎመን ድንች ያለበት። ይህ የወጉ ነው። ለ፦ ድንች ጎመን ያለበት። ይህ ጎመን በተወደደ ሰሞን የሚታይ ነው። ሐ፦ ጎመን ድንች የነበረበት። ይህ ሦስተኛው ለየት ያለ ነው፤ ሲሠራ ሀ ነበር፤ ቀድመው የቀረቡት ድንቹን እየለቀሙ ስለበሉት ሐ ሆነ። አንድ ሰው ያረፈደ መሆኑን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚቻለው የደረሰው ሐ መሆኑን በማየት ነው። ስለ ካሮት ልንጽፍ አስበን ነበር፤ ካሮት ግን ለማማር የገባ ነው።

አበሳሰሉ ላይ ሳይንስ ይገባል። ከጥቅል ጎመን 92 በመቶ ገደማ የሚሆነው ውሃ ነው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በተቀመጠችው አዲስ አበባ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህን አጋጣሚ ነው ብለው የሚያልፉ አሉ፤ እኛም እናልፈዋለን። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ራሱ ውሃ የሆነ ነገር ላይ ሌላ ውሃ መጨመር በደል ነው። በየምግብ ቤቱ የምናገኘው፣ ሽሮው ድንበር ድረስ ውሃ የሚለቅ፣ የታመመ ሰው ፊት የሚመስል ጎመን የዚህ በደል ውጤት ነው። ብዙ ውሃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ደግሞ በውስጡ ያለው ድኝ ይወጣና ጎረቤት ሳይጠራ ያውቃል።

የሚጣፍጠው እንዲህ ነው። ሽንኩርቱ ዘይት ውስጥ በቀስታ ይለሰልሳል፤ ይቀላ ዘንድ አይፈቀድለትም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይገባሉ። እርዱ ዘይቱን ቢጫ ሲያደርገው ካሮቱ፣ ከዚያ ድንቹ፣ መጨረሻ ጎመኑ፤ ወፈር ወፈር ተደርጎ የተከተፈ። ጨው ነስነስ ተደርጎ ይከደናል። በዚህ ሰዓት ክዳኑ ድስቱን አይነካም፤ ጎመኑ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ክምሩ ከአፉ ተርፏልና። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲከፈት ግማሹ የለም። አዲስ ባለትዳር ለሰባት እንግዳ ያሰበችው ለሦስት ሲሆን «ማን ነካብኝ?» ያለችበት ቤት ብዙ ነው። ጨው ያወጣው የገዛ ውሃው ግን ይበቃዋል፤ ቃሪያ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ይገባና ይወርዳል።

ይወርዳል አልን እንጂ ባይወርድስ?

እነሆ ጥናቱ የተጻፈለት ነገር፦ ድስት የያዘ ጥቅል ጎመን። ውሃው ካለቀ በኋላ እሳት ላይ የቆየ ጎመን ሥሩን ድስቱ ይይዘዋል። ሦስት ደረጃ አለው። ነካ ያደረገው፣ ጠርዙ ወርቅ የመሰለ፣ ይባላል ነካ። የያዘው፣ ቡና የመሰለ፣ ጣፋጭነቱ ከምሬት ጋር የሚደራደር፣ ይባላል ያዘ። ሦስተኛው አረረ ነው፤ ስለ እሱ ባንነጋገር ይሻላል። ከነካ ወደ ያዘ ሰፊ ጊዜ አለ። ከያዘ ወደ አረረ ግን ስልክ እስኪነሣ ነው። የሚይዝበትን ቅጽበት ማንም ዓይቶ አያውቀውም፤ በጆሮ ነው የሚታወቀው። ሲንተከተክ የነበረ ድስት በድንገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ሐሜተኛ ማንሾካሾክ ይጀምራል። እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣች «ያዘ!» ትል ነበር፤ ከእሳቱ ሃያ እርምጃ ርቃ። ስትገባ ይዟል። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም፣ አንድም ቀን ደግሞ ሆን ብዬ ነው ብላ አታምንም፤ «ተዘናግቼ ነው» ነው መልሷ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ድስት የሚደርስ መዘናጋት ምን እንደሚባል ሊቃውንት ይንገሩን።

ለእንግዳ አይቀርብም፤ ነውር ነው። ስለዚህ በየትኛውም የምግብ ዝርዝር ላይ የለም፤ የሚያውቁት ማድቤት ገብተው ያደጉ ብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ፣ ለጥናቱ ስል፣ አንዲት አስተናጋጅ «ድስት የያዘው ይኖራል?» ብዬ ጠየቅሁ። ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ትንሽ አየችኝና፣ «ጋሼ፣ የእኛ ምግብ አያርርም» አለች። ሂሳቡን ስታመጣ ፊቷ አልተፈታም ነበር።

ሥልጣኔም ጠላቱ ነው። «የማይዝ» ተብሎ የሚሸጥ ድስት አለ፤ እንደ ጥቅም ነው የሚነገረው። እኛ ቤት ያለው ቂጡ በአንድ ወገን ጎበጥ ያለ አሮጌ የብረት ድስት ነው፤ የሚይዘው በዚያው በጎበጠው በኩል ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ ከአምስት እጅ ያልበለጠ፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ሀብት በየጾሙ ይወለዳል። ለዚህ ሀብት አንድ ሕግ ወጥቷል፦ የፋቀ ያጥባል። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት፤ እስካሁን አልተሻሻለም።

ባለፈው ዓርብ ታላቅ እህቴ መጥታ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሠላሳ ሰው የምታዝ ሴት ናት። ማድቤት ስገባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ድስቱን በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ይዛ በማንኪያ ትፍቃለች። የፋቀችውን በእንጀራ ቁራሽ ጠቅልላ ትጎርሳለች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስለዚህ ነገር ጥናት እየጻፍሁ ነው» አልኋት።

«ጻፍ፣ ጻፍ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ስለ ናሙና አስፈላጊነት አስረዳኋት። ብዙ አሰበችና ከጨረቃዋ ጫፍ፣ ነካ ከሚባለው ወገን እንጂ ከያዘው ያልሆነ፣ አንዲት ጉርሻ ሰጠችኝ። ስለ ቀሪዎቹ ዓይነቶች፣ በተለይም ስለ ሐ፣ ተጨማሪ ምዕራፍ አስቤ ነበር። እህቴ ግን የመጨረሻዋን ፍቅፋቂ ዋጠች፣ ተነሣች፣ ድስቱን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«በልተሃል» አለች።

ናሙና መሆኑን ተናገርሁ። እናቴ ሳሎን ሆና ሰምታ «ሕጉ ናሙና አያውቅም» አለች። ድስቱ ውሃ ተሞልቶ እየራሰ ነው።