ድንጋይ በቧንቧ

ሽማግሌን ድንጋይ ጠጣ ቢሉት ይቆጣል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠጣው ኖሬያለሁ፤ ያውም በየወሩ ሂሳብ እየከፈልኩ። የድሬዳዋን የቧንቧ ውሃ በዓይኑ ብቻ ያየ ሰው አያምነኝም። ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ጉዱ የሚታየው እሳት ሲነካው ነው።

ኑና የቤታችንን ማንቆርቆሪያ ክዳን ክፈቱ። ውስጡ ላዩን ነጭ፣ ጠለቅ ሲሉት ቢጫ፣ ከብረቱ ጋር የተጣበቀው ደግሞ ግራጫ ነው። በቢላ ጫፍ ሲፈቀፈቅ ቅርፊት ቅርፊቱ እየተሰበረ ይረግፋል፤ አንዱን አንስቼ ሳገላብጠው የማንቆርቆሪያውን ጉብጠት እንደያዘ ደርቋል። ሻሂ ሲቀዳ እሱም አብሮ ይወርድና ብርጭቆው ሥር ይቀመጣል። ከላይ ደግሞ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል። ከአዲስ አበባ የመጣች የእህቴ ልጅ አፍጥጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ሻይዎ ውስጥ ዘይት ጠብ አለ እንዴ?» አለችኝ። የልጅ ልጄ ቀደመኝ፦ «አቦ ዝም ብለሽ ጠጪ፣ እሱ ሰባ ዓመት ጠጥቶት ምን ሆነ?» ይኸው፣ «እሱ» እኔ ነኝ። በድሬ አንቱታ የምሰማው የአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የተራራው ነው። በዙሪያችን ያለው አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ትንሽ አሲድ ይሆንና ድንጋዩን እያሟሟ፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሞ ከርሰ ምድር ይገባል። እኛ ደግሞ ሳቢያን ሰፈር ጉድጓድ ቆፍረን፣ በፓምፕ ስበን፣ ተራራውን ጓዳችን እናስገባዋለን። ውሃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኖ ይሄዳል፤ የሟሟው ድንጋይም መልሶ ድንጋይ ይሆናል። የት? የእኔ ማንቆርቆሪያ ውስጥ! ጣሊያን ይህንኑ ድንጋይ አይቶ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተከለበት። እኛ ሻሂ አፈላንበት።

ኖራው ባቡሩንም አልማረውም። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ነው ከተማይቱ የተቆረቆረችው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ያኔ ባቡሩ በእንፋሎት ነበርና ቦይለሩ ከውስጥ ኖራ እየያዘው እሳቱ ውሃውን በቅጡ አያሞቀውም፤ እየተከፈተ ይፋቅ ነበር። በኋላ ናፍጣ መጣና ባቡሩ ተገላገለ። እኛን ግን ናፍጣ ጠጡ የሚለን አልተገኘም።

ልጆቼ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ቦይለር አስገጠሙ። በድሬ ሙቀት! ቀትር ላይ ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው ውሃ እንኳን ገላ ዶሮ ይገነፍላል። ዓመት ሳይሞላው ቦይለሩ ሞተ። ባለሙያው ውሃ የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ መዝዞ አወጣና፣ «ፋዘር፣ ኖራው ነው የገደለው» አለኝ። ኖራው ስለሸፈነው ሙቀቱ ወደ ውሃው ማለፍ አቅቶት ራሱን አቃጥሏል። ያን የሚያህል መብራት ቆጥሮብናል ለካ፣ ድንጋይ ስናሞቅ!

የሻወሩማ አይወራ። ግማሹ ቀዳዳ ተደፍኖ የቀረው እንደፈለገው ይረጫል፤ አንዱ ጆሮዬን፣ አንዱ ግድግዳውን፣ አንዱ በር ላይ የሰቀልኩትን ፎጣ። ሳሙናውን ቢያሹት ቢያሹት አረፋ የለም፤ ካልሲየሙ ቀድሞ ይበላዋል፣ የተረፈውም ግራጫ እድፍ ሆኖ ባልዲው ጠርዝ ላይ ይጋገራል። የእሁድ ነጭ ሸሚዜ ነጭ መሆኑን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሽምብራውስ? ከጠዋት ተጥዶ ለምሳ አይደርስም፤ ባለቤቴ ስትናደድ ውሃውን ትታ እኔን ነው የምታየው።

የሰፈሩ ሐኪም ሁሉ ደግሞ (ሐኪም ስል በርጫ ላይ የተቀመጠውን ነው) «ኩላሊት ላይ ጠጠር የሚጥለው ይሄ ውሃ ነው» ይላል። እዚህ ላይ እንኳ ለውሃው ጠበቃ እቆማለሁ። በአንድ ሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ኖራ ያለው ውሃ በጣም ጠጣር ይባላል፤ የእኛ ያንን ካለፈው ቆይቷል። ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት በጤና ምክንያት ለዚህ ጣሪያ አላበጀለትም። ካልሲየሙም ለአጥንት ነው። በርጫው ላይ ይህን ስናገር ማንም አይሰማኝም፤ የሁሉም አፍ ሥራ ይዟል። ጠጠር የፈራ ከጫቱ ጋር ውሃ ደህና አድርጎ ይጠጣ፤ ሰውነት ውሃ ሲያጣ ነው ጠጠሩ የሚበረታው።

አሁን ልጄ ስለ ማጣሪያ ታወራለች። ዋጋውን ነገረችኝና ጆሮዬ ሳይሰማ ቀረ። እስከዚያው ባለቤቴ መላ አግኝታለች፦ ሎሚ ጨምቃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ታሳድራለች፣ ጠዋት ኖራው ሟሙቶ ብረቱ ያብረቀርቃል። የሻወሩንም ራስ ፈትታ እዚያው ሎሚ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ሁለቱም ወጣት ሆነዋል። ትናንት ጉሮሮዬን ከርክሮኝ ለሻሂዬ ጠብ የምታደርግበት ሎሚ ለመንኳት። «ለነገ ማንቆርቆሪያ ነው፣ እንዳትነካ!» አለችኝ።