ሺህ ዓመት ይንገሡ የሻይ ቤት ሊቃውንት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ መሳፈር አያስፈልገውም። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ታልፎ ዳባት፣ ዳባት ታልፎ ደባርቅ እስኪደረስ በመኪናው ውስጥ ያልተፈታ ቃል አይቀርም። አንዱ ሊቅ ያቃተውን ሌላው ይፈታዋል፤ ሁለቱንም ካቃታቸው ረዳቱ ሒሳብ እየሰበሰበ ይፈታላቸዋል። ይህን ሁሉ እውቀት ከታሪፍ በላይ ሳያስከፍሉ ለሚያድሉን ሰዎች እስከ ዛሬ ምስጋና አለመጻፉ ነውር ነው።

እነሆ «ፈረንጅ»። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናትና ይህ ቃል እዚያ ከ«ደኅና አደራችሁ» እኩል ይሰማል። ሕፃናት ይጮኹበታል፣ በቅሎ አከራዮች ዋጋ ይቆርጡበታል። ከየት መጣ ቢባሉ የሻይ ቤቱ ሊቅ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «‹ፎሪን› ከሚለው እንግሊዝኛ ነዋ!» ይላሉ። እንግሊዞች መጡ፣ «ፎሪን፣ ፎሪን» አሉ፣ አባቶቻችን ምላሳቸው አልታዘዝ ብሏቸው «ፈረንጅ» አሉ፤ አለቀ። «ጅ» ከየት ገባች ብሎ መጠየቅ ድፍረት ነው። «ጅ» የሻይ ቤቱ ምርቃት ናት።

እኔን የሚገርመኝ የዚያ እንግሊዝ ትሕትና ነው። በሰው አገር ገብቶ «እኔ ባዕድ ነኝ» እያለ የሚዞር እንግሊዝ በየትኛው ዘመን ነበር? እርሱ በደረሰበት ሁሉ ባዕዱ ባለአገሩ አይደለም እንዴ?

ከኋላ ወንበር ደግሞ የበለጠ የተማሩ ሊቅ አሉ። «የለም፣ ከፈረንሳይ ነው። የጅቡቲን ባቡር የሠሩት እነሱ አይደሉ?» ይላሉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ስለዚህ በሊቁ ሒሳብ ከዚያ በፊት አባቶቻችን ነጭ ሰው ሲያዩ ስም አጥተው ዝም ይሉ ነበር ማለት ነው።

አሳዛኙ ነገር ቃሉ ባቡሩን አልጠበቀም። መስቀል ጦረኞች እ.ኤ.አ. በ1099 ኢየሩሳሌምን በያዙበት ዘመን ዐረቦች የምዕራቡን ሰው ሁሉ፣ ጀርመን ይሁን ኖርማን ሳይለዩ፣ በፍራንኮች ስም «ኢፍራንጅ» ይሉት ነበር። ግእዝም «አፍርንጅ» አለው። ፋርሱ «ፈረንግ»፣ ሕንዱ «ፊራንጊ»፣ ታይላንዱ «ፋራንግ» ይላል፤ ታይላንዶችማ ዘይቱናን እንኳ በዚሁ ስም ይጠሩታል። የኛ ሊቅ ሐሳብ እውነት ከሆነ «ፎሪን»ን ባንኮክ ድረስ ያደረሰው ማን ነው? (ባንኮክም የሻይ ቤት ሊቅ አላጣችም፤ ቃሉ ከፈረንሳይ ስም የተቆረጠ ነው የሚሉ እዚያም አሉ። የሊቅነት በረከት ድንበር የለውም።) ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገር ሲታመስ፣ ኋላም ልጃቸው ፋሲል ኢየሱሳውያኑን ሲያባርሩ «አፍርንጅ» የታወቀ ቃል ነበር። እንግሊዝኛ የትምህርት ቤታችን ቋንቋ የሆነው ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ፋሲል ግንብ ሥር ቁጭ ብሎ ይህን ቃል ከእንግሊዝ ተዋስነው ማለት ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ከተራራው ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ሊቅነት ይጠብቀናል። የራስ ደጀን ስም ትርጉም «በንጉሡ ፊት የሚዋጋ የጦር አለቃ» ነው ተብሎ ለጎብኚ ይነገራል። ደጀን ማለት ከኋላ ሆኖ የሚጠብቅ፣ ፊተኛው ሲደክም የሚደርስ ጦር መሆኑን አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ግን ለፈረንጅ ከኋላ የቆመ ጀግና አይሸጥም፤ ስለዚህ ደጀኑ ተጎትቶ ከንጉሡ ፊት ቆመ። ፈረንጁም በፈንታው «ዳሽን» ብሎ መለሰልን፤ እኛም ተቀብለን ባንክና ቢራ ሰየምንበት። በልጅነታችን 4,620 ሜትር ነው ያልነው ይህ ተራራ ዛሬ ሲለካ ከ4,550 ብዙም አይዘልም። ቁመቱ ቢያጥርም የስሙ ታሪክ በየዓመቱ ይረዝማልና አንከስርም።

ሙያው ከባድ እንዳይመስላችሁ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ወደ ራስ ደጀን የሚወጡ ሰዎች የሚያድሩባት አምቢኮ የምትባል መንደር አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነገሡ፤ ይህ እውነት ነው፣ ለውሸቱ ምሰሶ ይሆናል። ከነገሡ በኋላ ተራራውን ልውጣ ብለው እዚህ ሲደርሱ በቅሏቸው ቆመች። ቢጎትቷት፣ ቢያባብሏት አልሄድ አለች። በቅሎ ጫኙ ግራ ገብቶት «ጃንሆይ፣ እምቢ እኮ አለች!» አለ። ከዚያ ወዲህ አገሩ «እምቢ እኮ»፣ ሲቆይ «አምቢኮ» ተባለ። ይህን የፈጠርኩት ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ነው። ደባርቅንም «ደባ» እና «እርቅ» ብዬ ሰንጥቄ ሁለት ባላባቶች ላስታርቅባት ስነሣ ሻዩ አለቀ እንጂ ታሪኩ አላለቀም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሰው «ከአባቶች የወረደ ነው» ብሎ መልሶ ቢነግረኝ አልደነቅም፤ ምናልባት የበቅሎዋንም ስም ይጨምርልኛል።

እስኪ አሁን ሽሙጡን ልተወው። በስሜንና በደምቢያ አማርኛ ከመስፋፋቱ በፊት የአገው ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር፤ ቅማንትኛ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ከዚያ ዘመን የቀሩ የወንዝና የጎጥ ስሞች በአማርኛ ቢላ ሲቆረጡ ትርጉም ያላቸው ይመስላሉ፣ ያ ትርጉም ግን የኛ ነው። ለሁሉም ስም የተዘጋጀ ተረት ካለ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ሄዶ የሚጠይቅ አይኖርም። «እኛም እንዲሁ ሲባል ሰማን፣ ፍቺውን አናውቅም» የሚሉት አዛውንት ከሻይ ቤቱ ሊቅ አጠገብ ሲቀመጡ መሃይም መስለው ይታያሉ። አንድ የተጣራ ነገር የተናገሩት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ ያማርኛው በ1962 ዓ.ም. ታትመዋል። የደባርቅ አስጎብኚዎች ሆይ፣ አዋጡና አንዳንድ ቅጂ አስቀምጡ። ቃሉን እዚያም ካጣችሁት ለእንግዳው «አላውቅም» በሉት፤ የቀን አበላችሁ አይቀነስም።